በግድግዳችን ጥግ ስለተቀመጠው ቤዝ

ለክቡር የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ለጋሼ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ባለቤትዎ እትዬስ እንዴት ናቸው? ቴሌቪዥኑስ ደህና ነው? ፊት ለፊት ያሉት ሁለቱ ስፒከሮች፣ መሃል ላይ የተጋደመው፣ ከመጋረጃው ብረት ላይ በሲባጎ የታሰሩት የኋላዎቹ ሁለቱ፣ ሁሉም በያሉበት ደህና ናቸው? ስለ ቤዙ፣ ወፍራሙን ድምፅ ስለሚያጉረመርመው ሳጥን፣ አልጠይቅም፣ የእሱን ደህንነት በየቀኑ በጀርባዬ እሰማዋለሁ፣ ተመስገን ነው፣ ከእኔ ይሻላል።

እኔ ግድግዳ የምጋራዎት የትራስ ሰፊዋ ልጅ ነኝ። "ክቡር" የሚለውን ቃል እርስዎ ደረጃው ላይ ከሚለጥፉት ማስታወቂያ ነው የገለበጥኩት፣ ትምህርቴን ስድስተኛ ላይ ስላቆምኩ ከእርስዎ ማስታወቂያ ሌላ የማነበው የለም፣ ስህተት ካገኙበት የራስዎ ነው ብለው ይለፉኝ። ፊት ለፊት ያልነገርኩዎት ፈርቼ ነው። ደሞ መፍራቴን አልደብቅም፣ ክፍሏን በኮሚቴው ፈቃድ ነው የተከራየናት፣ እርስዎ አንድ ቀን ቅር ካልዎት እኔና እናቴ ከነጥጣችን ደጅ ነን። እንዲያውም ሰዉ ከኋላዎ "አቶ ሲኒማ" ሲልዎት እኔ አንድ ቀን ብዬ አላውቅም፣ ይኼው አሁን ለመጀመሪያ ጊዜ ጻፍኩት። ግን ከእርስዎ የበለጠ የምፈራው ነገር መጣብኝና ልጽፍ ተቀመጥኩ፣ ከማስታወቂያዎ ጎን ነው የምለጥፈው፣ የወጣ የወረደ ሁሉ ያንብበው።

አንደኛ፣ ሲኒማዎን ስላሳደጉልን ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ድሮ ቴሌቪዥንዎ በራሱ ድምፅ ሲያወራ ጉንፋን የያዘው ሰው ይመስል ስለነበር ምን እንደሚያዩ ማንም አያውቅም ነበር፣ አሁን ግን ማን እንደሞተ፣ ማን እንደገደለው፣ ገዳዩ በየትኛው በር እንደወጣ ሕንፃው ሁሉ ያውቃል። መጀመሪያ ያቺን ረጅሟን ስፒከር ከቴሌቪዥኑ ሥር አጋደሙ፣ አልበቃዎትም፣ ቀጥሎ ቪዲዮ ቤቱን ከዘጋው ሰውዬ ያገለገለ አምፕሊፋየር ይዘው መጡ፣ ስፒከሮቹንም ከየቦታው ለቃቀሙ፣ አንዱ ጥቁር አንዱ ቡኒ፣ የእንጀራ ልጆች ይመስላሉ። በዚህ አልስቅብዎትም፣ በትንሽ ወጪ ትልቅ ነገር መሥራት ብልሃት ነው፣ እኛም ትራስ የምንሞላው ከጥጡ ጋር ልብስ ሰፊ የጣለውን ቁርጥራጭ ቀላቅለን ነው። ስፒከር ሠሪው እኛ በር ላይ ቆሞ ሲነግርዎት ሰምቻለሁ፣ ቤዙ አቅሙ ትንሽ ነው፣ ግን ጥግ ላይ አስጠግተው ያለ ምንጣፍ ጣውላው ላይ ካስቀመጡት ጥጉም ወለሉም ያግዙታል፣ ሌላ ሳይገዙ እጥፍ ይሆንልዎታል አለ። እውነቱን ነው። ወለሉ ግን የእርስዎ ብቻ አይደለም ጋሼ፣ ሕንፃው አሮጌ ነው፣ ጣውላው ከእርስዎ ሳሎን ይነሳና በግድግዳው ሥር አልፎ እኛ ጓዳ ነው የሚያልቀው። ስለዚህ ስንበላም ስፒከር ላይ ነው የምንበላው፣ ስንተኛም ስፒከር ላይ ነው የምንተኛው። ትኬት ስላላስቆረጡን እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፣ ስላሰቡልን። ጥግ ሁለት ነበር፣ አንዱ በጡረተኛው መምህር በኩል፣ አንዱ በእኛ። መምህሩ በስብሰባው ላይ ድምፁ እንዳያስቸግራቸው ሲጠይቁ እርስዎ ብድግ ብለው "ቤዙን መስማት በማትችለዋ ሴትዮ በኩል አድርጌዋለሁ፣ ማንንም አይረብሽም" አሉ። ሰዉም እውነት ነው ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እኔም ከኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ። እንዲህ ያለ ለሰው አሳቢ ሰብሳቢ ከየት ይገኛል፣ ዓይነ ስውር ደጃፍ ላይ ድንጋይ መከመር ማለት እኮ ነው፣ አያየውም፣ ምን ይሆናል ብሎ።

ሦስተኛ፣ አሁን ስለ ወለሉ ልንገርዎት፣ ይህንን ሳያውቁ ነው ያደረጉት ብዬ ማሰብ እፈልጋለሁ። እናቴ በጆሮዋ አትሰማም፣ በእግሯ ነው የምትሰማው። ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ የምጠራት ወለሉን በመምታት ነው። አንዴ ከመታሁ እማ እዪኝ ማለት ነው፣ ሁለቴ እማ ነይ፣ ሦስቴ ደግሞ የያዝሽውን ጥለሽ ሩጪ ማለት ነው፣ ሦስቴ አይቀለድበትም፣ የቤታችን ሕግ ነው። ጀርባዋን ሰጥታኝ መስኮቱ ጋ ትራስ ስትሞላ እኔ ከጓዳ ተረከዜን አንዴ አሳርፋለሁ፣ ዞር ትላለች። የሰው እናት ስትጠራ አቤት ትላለች፣ የእኔ እናት አቤቷ ዞር ማለቷ ነው። ዕድሜዬን በሙሉ አንድ ቀን ሳትዞር ቀርታ አታውቅም።

ከዚያ የእርስዎ ቤዝ መጣ። አንድ ፊልም ውስጥ ስንት ቤት እንደሚፈነዳ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም፣ እናቴ ለእያንዳንዱ ፍንዳታ መርፌዋን ጥላ ትነሳና ጓዳ መጥታ በእጇ ምን ፈለግሽ ትለኛለች፣ ምንም እላታለሁ፣ ተመልሳ ክሯን ሳትይዝ ሌላ ቤት ይፈነዳል። መርፌው ጣቷን እየወጋ፣ የሰው ትራስ በደም እየተበላሸ፣ ስንቱን ሰፍታ ፈታች። በመጨረሻ አንድ ቀን እጇን አወናጭፋ ወለሉ አብዷል፣ ከእንግዲህ አልሰማውም አለችኝና ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ጆሮዋን ፈጣሪ ነው የወሰደው፣ እሱን አልከስም፣ እግሯን ግን የወሰዱት እርስዎ ነዎት።

አራተኛው ስለ ትራሷ ነው። እውነቱን ለመናገር እናቴ ሲኒማዎን መጀመሪያ ቀን ወዳው ነበር። ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተው ሲያሳዩ እሷም ገባች፣ መዳፏን ቤዙ ላይ አሳረፈች፣ ዘፈን ያለበት ፊልም ነበርና ፊቷ እንደ ልጅ በራ፣ እኔ እናቴ ዘፈን ስትሰማ ያየሁት ያን ቀን ነው። እርስዎም "እሷ እንኳ ሰማች" እያሉ ለመጣ እንግዳ ሁሉ አወሩ። ስለዚህ ነገሩ ሲብስ እናቴ ልታስቀይምዎ አልፈለገችም፣ የቤዙን ልክ በዓይኗ ለክታ፣ ጠቅጥቃ የሞላችውን ወፍራም ትራስ፣ ለደንበኛ በማንሰጠው ደህና ጨርቅ ሰፍታ፣ ራሷ ይዛልዎት መጣች። ሳጥኑን አሳየችዎት፣ ወለሉን አሳየችዎት፣ ከሥሩ ያድርጉት ማለቷ ነበር፣ ለዚህ ቋንቋ መማር አያስፈልግም፣ ሕፃን ይገባዋል። በሁለት እጅዎ ተቀበሉ፣ አንገትዎን ዝቅ አድርገው አመሰገኑ። ከዚያም ወንበርዎ ላይ አድርገው ተቀመጡበት።

አምስተኛ። ማስታወቂያው አቤቱታ ያለው ሰው ለሰብሳቢው በአካል ያቅርብ ይላልና በአካል መጣሁ፣ አካሌም እንደሚያውቁት በዚህ ሰሞን ብዙ ነው፣ ሆዴ ቀድሞኝ ነው በር የሚገባው። ገና አፌን ሳልከፍት ድምፁን ልሰማ የመጣሁ መስሎዎት መሃለኛው ወንበር ላይ አስቀመጡኝ፣ በእናቴ ትራስ ላይ፣ ከዚህ ቦታ ድምፅ ከዙሪያው ይመጣል ብለው መጀመሪያ ዝናብ አሰሙኝ፣ ከዚያ ሄሊኮፕተር ከኋላዬ አስነስተው በራሴ ላይ አሳልፈው ፊት ለፊቴ አሳረፉት። ልጄ ሆዴ ውስጥ ተገለበጠ። እንዴት ነው አሉኝ። ጥሩ ነው አልኩ። ምን ልበል፣ ፈርቼ ነው፣ እትዬ ውኃ ሰጡኝ፣ ጠጥቼ ወጣሁ። በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ጎረቤቴም መጥታ ወደደችው ብለው እንደተናገሩ ሰማሁ። አቤቱታን እንዲህ ወደ አድናቆት መቀየር የሚችል ሰብሳቢ በሌላ ሕንፃ የለም።

ስድስተኛ ልል ነበር፣ ግን የሚቀጥለው ቁጥር የሚሰጠው አይደለም።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ደም ግፊትሽ ከፍ ብሏል፣ በጎንሽ ተኚ፣ አትሯሯጪ፣ ራስሽን አጥብቆ ካመመሽና ዓይንሽ ከተጭበረበረብሽ ሳትውዪ ሳታድሪ ነይ ብላኛለች። የመጀመሪያዬ ነው። የልጄ አባት የጭነት መኪና ረዳት ነው፣ ከሄደ ቆየ፣ ስለ ቤዙ በስልክ ስነግረው አሁን ደግሞ ሳጥን ፈራሽ ብሎ ሳቀብኝ። ያለችኝ እናቴ ናት፣ እናቴን የምጠራበትም ወለሉ ነው፣ ሌላ የለኝም።

ነርሷ የፈራችው ደረሰ። ያን ቀን ከሰዓት የጦርነት ፊልም ነበር የሚያዩት። ራሴን ለሁለት የሚሰነጥቀኝ መሰለኝ፣ ወዲያው መስኮቱ ሁለት ሆነብኝ፣ ከዚያ መስኮቱም ጠፋ ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር ብቻ ቀረ፣ ልነሳ ስል ጉልበቴ ከዳኝ። እግሬን ከአልጋው አውርጄ ሦስቴ መታሁ። አልዞረችም። ከእርስዎ በኩል ታንክ እያለፈ ነበር። ደግሜ መታሁ፣ በቡጢም መታሁ፣ ጀርባዋ እየታየኝ፣ ክር በሳበች ቁጥር ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ሲል እየታየኝ፣ በመካከላችን ያለው አንድ የተከፈተ በር ብቻ ነው፣ እናቴ ግን አብዷል ያለችውን ወለል አልሰማ ብላ ትራሷን ትሰፋለች። ጮህኩ። እላይ ያለችው ፀጉር ሠሪ በኋላ እንደነገረችኝ ጩኸቴን ሰምታ የዛሬው ፊልም ደግሞ አንጀት ይበላል ብላ አዝናልኛለች። ትራስ ወረወርኩ፣ እኛ ቤት እጅ የሚገባው ነገር ሁሉ ትራስ ነው፣ ትራስ ደግሞ ሲወድቅ ኮሽ አይልም፣ መንገድ ላይ ቀረ። በመጨረሻ እሷ ጋ የደረሰው ጫማዬ ነው። እናቴን በጫማ መታኋት፣ ጀርባዋን። ዞራ ሳታየኝ በፊት የነበረው ፊቷ ቁጣ ነበር፣ ካየችኝ በኋላ የሆነውን ፊቷን ግን አልጽፍም፣ ደረጃ ላይ የሚለጠፍ አይደለም።

እሷ በአንድ በኩል ዘበኛው በሌላ በኩል ደግፈው ሲያወርዱኝ እርስዎ በርዎን ከፈቱ፣ ሪሞቱን እንደያዙ። ቃልዎን አልጨምርበትም አልቀንስበትም፣ ዘበኛውም ምስክር ነው።

"ልጄ፣ ስትደበድቢ የነበርሽው አንቺ ነሽ? ወለሉን ስትመቺ እኮ ፊልሙ ይበላሻል።"

ከዚያ ፊቴን አዩና በሩን ዘጉ። ግን ቀስ ብለው ነው የዘጉት፣ ጓ እንዳይል፣ ለዚህ ለዚህ አይታሙም።

ጤና ጣቢያ መርፌ ወግተው አስተኝተው መለሱኝ፣ ልጁ ይንቀሳቀሳል፣ ተመስገን ነው። ነርሷ ግን ትንሽ ብትቆዪ ኖሮ ብላ ጀምራ ተወችው፣ ያቺን ያልጨረሰቻትን ነገር ነው አሁን ይዣት የምተኛው የምነሳው። ሰዉ ሁሉ ምክር አያልቅበትም፣ ስልክ ደውዪላት የሚለኝ አለ፣ ለማትሰማ ሰው፣ የሚንቀጠቀጥ ስልክ ኪሷ ውስጥ አድርጊ ያለኝም አለ፣ ከፀጉር ሠሪዋ ተውሰን ሞከርነው፣ ቤዝዎ ሲነሳ ወንበሩም ጠረጴዛውም እሷም አብረው ስለሚንቀጠቀጡ የቱ ስልኩ እንደሆነ አልለይ አላት። አጠገብሽ ትቀመጥ ይላሉ፣ አጠገቤ ተቀምጣ ማን ትራሱን ያድርስ፣ ማን ውኃ ይቅዳ።

በዚህ ሁሉ መሃል ዛሬ ጠዋት አዲሱን ማስታወቂያዎን አነበብኩ። ቅዳሜ ስፒከር ሠሪው ይመጣል፣ ለሚፈጠረው ጊዜያዊ ጫጫታ በአክብሮት ይቅርታ እንጠይቃለን ይላል። ዘበኛው እንደነገረኝ ሁለተኛ ቤዝ ሊገባ ነው፣ ድምፁ ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል ተብሎ። እውነት ነው ጋሼ፣ አዘንብሏል፣ ያዘነበለውም ወደ እኛ ነው፣ ግን ቀና የሚለው ሌላ ሲጨመርበት አልመሰለኝም ነበር። ነርሷ ደግሞ ከቅዳሜ ወዲያ በማንኛውም ቀን ትወልጃለሽ ብላኛለች። ልጄም ቤዙም አንድ ሰሞን ሊገቡ ነው፣ አንደኛቸው ብቻ ነው ጫጫታው ጊዜያዊ ነው የተባለለት።

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ፊልም አይዩ አላልኩም፣ ሰው ደክሞ ሲገባ የሚያየው ነገር ያስፈልገዋል፣ ባለኝም እኔም አያለሁ። ሁለተኛው ይቅር፣ የመጀመሪያው ከጥጉ ይውጣ፣ ከሥሩ የተሰፋለት ነገር ይግባበት። ይኸው ነው። ወለሉ ዝም ካለ እናቴ ተመልሳ ታምነዋለች፣ ሞክሬዋለሁ፣ እርስዎ እህትዎ ጋ በሄዱ ጊዜ በመጨረሻው ቀን አንዴ ብመታ ዞር ብላ አይታኛለች፣ አልቅሻለሁ ያን ቀን። ይህን ካነበቡም በኋላ ጆሮ ዳባ ልበስ ካሉ ግን ምንም አልልም፣ ደንቆሮው በየትኛው የግድግዳ ወገን እንዳለ ደረጃ የሚወጣው ሰው ራሱ ይፈርዳል።

ረጅም ዕድሜ፣ የማይበጠስ ሽቦ፣ የማይጠፋ መብራት እየተመኘሁልዎት፣ ለእትዬም ስለ ውኃው ምስጋናዬን ከልብ እያቀረብኩ፣ ይህኛው የእውነት ነው፣

ከግድግዳዎ ማዶ በወለልዎ ጫፍ ላይ የምተኛው፣ ትኬት ሳልቆርጥ ሁሉንም ፊልም የሰማሁ፣
የትራስ ሰፊዋ ልጅ

ማሳሰቢያ፦ እዚያ ደረጃ ላይ ዓይኔ እየጨለመ አንድ ነገር ገብቶኛል። እናቴ ያልሰማችውን ምት እርስዎ ሰምተውታል፣ ያውም በጦርነት መሃል፣ ፊልሙን አበላሽቶብዎታል። ከእንግዲህ በዚህ ሕንፃ እኔ ወለል ስመታ የሚሰማኝ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት ማለት ነው። ስለዚህ ምጤ ሲመጣ የምጠራው እርስዎን ነው። ሦስት ምት ከሰሙ ፊልም አይደለም፣ ሪሞቱን አይፈልጉ፣ የእኛ በር አይቆለፍም፣ ገብተው እናቴን ትከሻዋን ነካ ያድርጓት፣ ሌላውን እሷ ታውቃለች። ሲመጡ ከተቀመጡባት ይነሱና ያቺን ትራስ ይዘውልኝ ይምጡ፣ ታስፈልገኛለች። አልሰማሁም ማለት አይቻልም፣ ሕንፃው ሁሉ አሁን አንብቦታል፣ አምስት ስፒከርና አንድ ቤዝ ያለው ሰው ደግሞ ምን ሳይሰማ ይቀራል።